የስካፎልዱ ዘበኛ

ፌርፋክስ አካባቢ ካለው ሐበሻ ሁሉ እምቢ ማለት የምታውቅ ቤተል ብቻ ነበረች፤ ይህን የምትለው ደግሞ ራሷ ቤተል ናት። የኛ ሰው ፊት አይቶ ይቀልጣል፣ እኔ ግን አልቀልጥም ትላለች፣ አገጯን ሽቅብ አድርጋ።

ከእናቷ ጋር ጠብ የተነሳው በቤታቸው የጎን ግድግዳ ነው። ቀለሙ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ተላልጦ እከክ የያዘው ውሻ መስሏል፤ መሰላል ደግሞ አይደርስም። እናቷ ሠናይት ስካፎልድ፣ ላዩ ቆመው የሚቀቡበትን የብረት መወጣጫ፣ ለአንድ ሳምንት እንከራይ አለች። ቤተል ግን አባቷ ቀኑን ሙሉ ድራይቭ ሲያደርግ ስለሚውል የሚቀባው እሁድ ከቸርች መልስ ብቻ መሆኑን፣ ሳምንቱም ብሩሹ ሳይርስ እንደሚያልቅ ተከራከረች። ይገዛ፣ ለከርሞም ይሆናል አለች።

ሠናይት ከሽንኩርቱ ቀና አላለችም።

"የኪራይ ሲሆን ሊዋስ የመጣውን 'የሰው ነው' ብለሽ ትመልሺዋለሽ። የራስሽ ከሆነ ቸርቹ በሙሉ ይወጣበታል። ጠረጴዛዎቼ የት ናቸው?"

ሠናይት ሲያሞግሷት ያዋሰቻቸው ጠረጴዛዎች ለሰው ሠርግ ቶራንስ ሄደው እዚያው ቀርተዋል።

"እኔ እጠብቀዋለሁ" አለች ቤተል። "እንዳንቺ ስላሞገሱኝ አልሰጥም።"

ቢላዋው ቆመ። ኦኬ፣ አለች ሠናይት፤ ግድግዳው ሳያልቅ አንዲት ብረት ከግቢው ብትወጣ፣ የሰመሩን የዕረፍት ቅዳሜ ሁሉ ሱቄ ቆመሽ በርበሬ ትመዝኛለሽ። ሳንታ ሞኒካ የሚባል ነገር የለም። ቤተል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቅ የኖረችው ከጓደኞቿ ጋር ሳንታ ሞኒካ ቢች የምትሄድበትን ቅዳሜ ነበር። አባቷ ወንድምአገኝ አንዴ እናቲቱን አንዴ ልጂቱን አየና በማግስቱ ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በሱ በኩል ካልሆነ አልተነጋገሩም።

ግድግዳው ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ ቤተል ብቻዋን ባለችበት ቀን፣ የቸርቹ ሽማግሌ ጋሼ መኩሪያ ፒካፓቸውን ግቢ አስገቡ። እጇን አጣምራ ጠበቀቻቸው፤ እምቢታው ምላሷ ላይ ነው። እሳቸው ግን ስጪኝ አላሉም። ስለ ትምህርቷ ጠየቁ፣ ባለፈው እሁድ ስትዘምር እንባቸው እንደመጣ ነገሯት፣ እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው ረዘም ያለ ጸሎት ጸለዩላት። አሜን ብላ ዓይኗን ስትገልጥ፣ በይ የኔ ልጅ ስካፎልዱን በዚያ በኩል ያዢልኝ አሏት። ያዘች፤ ፈታተው ጫኑት። ጣውላው ሳይቀር አቀበለቻቸው፤ ፒካፑ ወደኋላ ሲወጣም አጥሩን እንዳይነካ በእጇ መራችው።

ሠናይት ከሥራ ገብታ ስካፎልዱ ቆሞበት የነበረውን ባዶ ሣር አየች። የሱቋን ሽርጥ አምጥታ ቤተል አልጋ ላይ ወረወረችው።

ቅዳሜ ሳይደርስ ከመለስኩት እናቴ አፍ አይኖራትም ብላ ቤተል እየተንጨረጨረች በአውቶቡስ ካልቨር ሲቲ ሄደች። ስካፎልዱ ጋሼ መኩሪያ ቤት ተተክሎ እሳቸው ጫፉ ላይ ቆመው ይቀባሉ።

"ጋሼ፣ የኛ ቤት እኮ ሳያልቅ ነው የወሰዱብን" አለች፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "የሰው ዕቃ ሳይጠየቅ ይነሳል? ይኼ ስርቆት ነው፣ ዛሬውኑ ይመለስ።"

ጋሼ መኩሪያ ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ወደ ታች እንኳ አላዩም።

"የጫንሽልኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?"