ከልኳ ትንሽ የምትበልጥ ድንጋይ

ኦርታንስ ቮክላን በሙሴ ዴግራንዥ የጌጥ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፈርጥ የምትተክል ብቸኛዋ ሴት ነበረች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ወይ ወንበሩ የእሷ ይሆናል፣ ወይ ትሰናበታለች።

አጠገቧ፣ ብርሃኑ በሚበዛበት መስኮት ሥር የሚሠራው አሪስቲድ አባቷ የፓሪስን መንገዶች ድንጋይ ያነጠፈ ሰው መሆኑን ከሰማ ወዲህ አፉ አላረፈም። ጠዋት ጠዋት አካፋሽን የት ጣልሽው ይላታል። እሷ እቴ፣ ምን አሳፍሯት! አልማዙን እያጠጋጉ ብረቱ እስኪሸፈን መደርደር ፓቬ ይባላል፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ከመንገዱ ንጣፍ ነው። አባቷ ይህን ስትነግረው ስማችንን ከወሰዱ ሙያውንም ይጠይቁን ብሎ ስቆ ነበር።

ያን ዕለት ባለቀ የደረት ጌጥ መሃል አንዲት አልማዝ ተሰንጥቃ ተገኘች። ገዢዋ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። አሪስቲድ ረድፉ በሙሉ ካልተነቀለ አይሆንም ብሎ ድርቅ አለ።

«ለእኔ ይስጡኝ፤ አንዷን ብቻ ነው የማወጣው» አለች ኦርታንስ።

«ጎረቤቶቿ ቢላቀቁስ?» አሉ ሙሴ ዴግራንዥ።

«ያኔ ሁለቱን ቀን አልጠብቅም፤ ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»

ልጅ ሳለች ለአባቷ ምሳ ስታደርስ የተሰበረ ድንጋይ ሲቀይር አይታዋለች። በዙሪያው ያለውን አሸዋ በቀስታ ይጭርና የተሰበረውን ብቻ ያወጣል። በምትኩ እኩሉን አይመርጥም፤ እኩሉ ይነቃነቃል፣ ወፈር ያለውን አቀብዪኝ ይላት ነበር። አሁን እሷም የፀጉር ያህል የምትሰፋ አልማዝ መረጠች። አሪስቲድ ለክቶ ትበልጣለች አላት። እሷ የተሰነጠቀችውን ብቻ ፈልቅቃ አወጣች። ጉድጓዷን በመጠኑ አሰፋች፣ አልማዟን አስገባች፣ ከዚያው ከብረቱ በመውጊያ አራት ፍሬ የሚመስሉ ጥቃቅን እብጠቶች አንስታ ጠርዟ ላይ አጠበቀችባት።

ሙሴ ዴግራንዥ በማጉያው ሁለት ጊዜ አዩ። «የትኛዋ ናት?»

«እርስዎ ያግኟት።»

አላገኟትም። ወደ አሪስቲድ ዞሩና «ወንበርህን ከመስኮቱ አንሳ። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ የምትቀመጠው እሷ ናት» አሉት።

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ጉልበቱን ሙቅ ውሃ በነካ ጨርቅ ጠቅልሎ ተቀምጧል። ጉልበቱ ከሥራ ካስቀረው ሦስት ዓመቱ ነው። ሁሉንም ነገረችው። ስለ ወንበሩ አንድም ነገር አልጠየቃትም።

«ተነቃነቀች?»

«አልተነቃነቀችም፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ዛሬ እኔም ሥራ ውያለሁ» አላት።