ባለ አምስት እግሩ ስፒና

ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። አምቦ ውስጥ ሬድዮ፣ ቴፕ፣ ዲሽና የቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ ስጠግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ወገቤ አልቋል፤ ዓይኔ ያለ መነጽር ሽቦና ክር አይለይም፤ መብራቱ ደግሞ ሥራ ስጀምር ጠብቆ ነው የሚሄደው። ሰው ግን አሁንም "ኦቦ ኤጄታ ያውቃል" ይላል። ጉድ የሠራኝም ይሄው "ያውቃል" የሚሉት ነገር ነው።

ጋዲሳ የጎረቤቴ የአዴ ኤቢሴ ልጅ ነበር። አዲስ አበባ መዝሙር የሚቀረጽበት ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ሲያስተካክል ኖሮ፣ ስቱዲዮው ሲዘጋ ባለቤቱ አንድ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫና አንድ ከባድ ጥቁር ሳጥን ሸልሞት፣ እነሱንና የኩላሊት በሽታውን ይዞ አምቦ እናቱ ቤት ገባ። ዓመተ ምሕረቱ 2013 ነው፤ በየመንገዱ ተኩስ የማይጠፋበት ጊዜ። በግንቦት እናቱ ሞቱ፣ በነሐሴ እሱ ተከተላቸው። ሁለቱንም ያስታመመች እህቱ ባየሽ ናት፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፣ ቀን የሰው በሽተኛ ማታ የራሷን ስታገላብጥ ከረመች። ታናሽ ወንድማቸው ፊራኦል ጎጆ የምትባል ከተማ መምህር ነው። እናቱ ሃያ ቀን አልጋ ላይ ሲተኙ አልመጣም፤ የመጣው ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው።

ጠባቸው ይኼ ነው። ባየሽ፣ ጋዲሳ ደውሎ ነግሮታል፣ እያወቀ ነው የቀረው አለች። ፊራኦል ማንም አልነገረኝም፣ ሆን ብላችሁ ነው እናቴን ያስቀራችሁብኝ አለ። ጋዲሳ መሃላቸው ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። ሰው ፊት ክፉ ነገር መናገር የማይሆንለት ልጅ ነበር፤ እንዲሁ እንዳቀረቀረ ሞተ። ከዚያ በኋላ ወንድምና እህት ሰላምታም አቋረጡ።

ሲሞት አንድ ፍላሽ ትቷል። በፕላስተር ወረቀት ተለጥፎበታል፤ "ለባየሽና ለፊራኦል። የእናታችን ድምፅ ነው። በእኔ ማዳመጫ ብቻ ስሙት፣ አደራ" ይላል። እናቲቱ መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር፤ ሌላ ዕቃ ያንን ድምፅ አያወጣውም ብሎ ይሆናል። እንጃ።

ንብረት ለማካፈል ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጥን። የጋዲሳን ዕቃ ጠብ እንዳይነሳ አንድ ለአንድ አካፈልነው፤ ብርድ ልብሱ ለእሷ፣ ፍራሹ ለእሱ፣ ሻንጣው ለእሷ፣ ጠረጴዛው ለእሱ። ማዳመጫውና ሳጥኑ ጋ ስንደርስ ትልቁ ሽማግሌ ኦቦ ዋቅቶላ ወደ እኔ ዞሩና ይሄ አንድ ዕቃ ነው ወይስ ሁለት ብለው ጠየቁኝ። እንደዚያ ዓይነት ማዳመጫ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ሁሉ አፌን እያየ ነው፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ማዳመጫ ማዳመጫ ነው፣ ሳጥኑም ማጉያ ነው፣ ሁለት ዕቃ ነው፣ ለማዳመጫው የትኛውም ማጉያ ይሆነዋል ብዬ ፈረድኩ። ማዳመጫውና ፍላሹ ለባየሽ ደረሰ፣ ሳጥኑን ፊራኦል ተሸክሞ ጎጆ ሄደ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ቀን ባየሽ ማዳመጫውን በነጠላ ጠቅልላ ሱቄ መጣች። ፍላሹን እስከዛሬ አልሰማችውም። በስልኳ ልትሰማው ትችል ነበር፤ እኔም እንደዚያው ብዬ መከርኳት። የሟች ቃል ነው፣ በእሱ ማዳመጫ ብቻ ብሏል አለች። የእናቷ ድምፅ ከመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እሷ ሳትሰማው ዓመት ከመንፈቅ መኖሯ አንጀቴን በላኝ። አድርሼልሻለሁ አልኳት፤ ምላሴን በቆረጠው።

የማዳመጫው ስፒና አምስት እግር አለው። እኛ ሰፈር እንግዳ ስፒና ሲመጣ የምናደርገው አንድ ነው፤ ቆርጠህ በእኛው ትቀጥላለህ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ይህን ነው፣ የጀርመኑንም የጃፓኑንም። ቆረጥኩት፤ ተራውን ስፒና ቀጠልኩና ስልክ ላይ ሰካሁት። ዝም። ቴፕ ላይ ሰካሁት። ዝም። እልህ ያዘኝ። ለቤተ ክርስቲያን የምጠግነው ትልቅ ማጉያ ነበረ፤ ግንብ ላይ የሚሰቀሉትን የጡሩምባ ድምፅ ማጉያዎች የሚነዳው። እሱ ላይ አሰርኩትና ከፈትኩት። መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚሰማ ነገር ትንሽ ጩኸት ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። ጨመርኩለት። በግራ ጆሮ በኩል ጠጥ አለና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ።

ከፈትኩት። ውስጡ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ላስቲክ ተወጥሮበታል፤ የግራው መሃሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ጥቁር ነጥብ ወጥታለች። በማግስቱ ባየሽ ስትመጣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሳጥኑ ከሌለ አይሠራም አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ግን እውነቱን ሁሉ አልነገርኳትም። ምናልባት ከሳጥኑ ጋር ሲገናኝ ይነሳ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሳጥኑ እሱ ጋ ነው፣ እኔ ከእሱ ምንም አልለምንም ብላ ወጣች።

ስለዚህ ጎጆ ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ብርድ። ሚኒባሱ እያንገጫገጨ አድርሶ ሲጥለኝ ወገቤ የእኔ አልመስል አለኝ። ፊራኦልን ቤቱ የተማሪ ፈተና ሲያርም አገኘሁት። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተሰክቷል፤ በአንድ እጁ ያርማል፣ ሌላው እጁ ሳጥኑ ላይ ነው። ምን እያደረግህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ኦቦ ኤጄታ፣ ይሄ ነገር ሲሰካ ይሞቃል፣ ክረምት ከበጋ እጄን ያሞቅሁበት ነው አለኝ። እንደ ማፈር ብሎ ደግሞ የጋዲሳ እጅ ይመስለኛል አለ።

ሳጥኑን ዞሬ አየሁት። ከኋላው አምስት ቀዳዳ ያለው መሰኪያ አለ፤ እኔ የቆረጥኩትን ስፒና ነው የሚጠብቀው። አጠገቡ አምስት መቶ ሰማንያ ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ስስ ላስቲክ ይህን ሁሉ ቮልት ከዚህ ሳጥን እየተቀበለ ነው የሚናገረው። ሌላ ማጉያ አይሆነውም፤ ሳጥኑም ከእሱ በቀር ማንንም ማናገር አያውቅም። አንድ ዕቃ ነበር። ለሁለት የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ።

ፊራኦልን ሳጥኑን ስጠኝ አልኩት። በሰው አልልክም፣ የእናቴን ድምፅ እኔም መስማት አለብኝ፣ ካመጣሁ ራሴ ነኝ የማመጣው አለ። ባየሽንም ለምኜ ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠርኳቸው። የቆረጥኩት ስፒና የቁርጥራጭ ማጠራቀሚያ ጣሳዬ ውስጥ ነበር፤ እኔ ምንም አልጥልም። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየለየሁ መልሼ በየእግራቸው በየድኳቸው።

ቅዳሜ ሁለቱም መጡ። አንዱ በበሩ በኩል ቆመ፣ አንዷ የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ እኔን ሰላም አሉ፣ እርስ በርስ ጆሮ ዳባ ልበስ። ፍላሹን ዲቪዲው ላይ ሰካሁ፣ በቀዩና በነጩ ሽቦ ከሳጥኑ ጋር አገናኘሁ፣ ሳጥኑ እስኪሞቅ ጠበቅን። ታላቅ ናትና ባየሽ ትቅደም አልኩ። ማዳመጫውን ራሷ ላይ አደረግኩላት፤ ግራው ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከፈትኩት። ፊቷ ወዲያው በራ። ወንድሟን ሰማችው፤ እንባዋ መጣ። ከዚያ ግን ግንባሯ እየተቋጠረ ሄደ። ቀኝ ጆሮዋን ይዛ፣ ግራውን መታ መታ አደረገችና ጠበቀች። አልቆ ስታወልቀው ፊቷ አመድ መስሏል።

"እናቴ የለችም" አለች። "ጋዲሳ ይጠይቃታል፤ እሷ ግን የለችም።"

ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። ጋዲሳ የሙያ ሰው ነው፤ ሁለት ማይክ ተክሎ ነው የቀረጸው፣ እናቱን በግራ፣ ራሱን በቀኝ። የግራው ደግሞ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲበላሽ ዕቃው አሮጌ ነው፣ መብራቱ ነው፣ ባለቤቱ ነው ስል ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ለማመካኘት እንኳ ደከመኝ።

"ግራውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "አንድ ዕቃ የነበረውንም ሁለት ነው ያልኩት እኔ ነኝ።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማዳመጫውን ከጭኗ ላይ አነሳችና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ወደ በሩ ዘረጋችው። ፊራኦል ተቀበላት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጇ የተቀበለው የመጀመሪያው ነገር ነው።

ቀዩን ሽቦ በነጩ ቦታ፣ ነጩን በቀዩ ቦታ ቀየርኩት። አሁን የእናቲቱ ድምፅ በደህናው ጆሮ ይመጣል፤ ጋዲሳ ደግሞ ይጠፋል። ፊራኦል አጠለቀ፤ አንድ እጁን እንደ ልማዱ ሳጥኑ ላይ አሳረፈ። ከፈትኩለት። አንዴ ብቻ "አዮ" አለ፣ እናቱን የሚጠራበት ነው። ሊያልቅ ሲል ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ጠረጴዛዬ ላይ ደፋ፤ እንባው ብሎኖቼ ላይ ተንጠባጠበ። እንዳለቀ መብራት ሄደ።

ሦስታችንም ጨለምለም ያለው ሱቅ ውስጥ ቀረን። መልሼ ልክፈትላችሁ እንዳልል መብራቱ የለም፤ መቼ እንደሚመጣ አምላክ ይወቅ። ባየሽ ግድግዳውን እያየች ተናገረች። ያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እንደምችለው ልንገራችሁ።

"ምን አለች?"

"አንቺ መጀመሪያ ንገሪኝ" አለ። "ምን ብሎ ነው የጠየቃት?"

"'ፊራኦልን ልጥራው?' አላት።"

ፊራኦል መለሰ። "'ተወው፣ አትጥራው' አለች። 'መንገዱ ላይ ሰው እየሞተ ነው። እኔን አያለሁ ብሎ ሲመጣ ልጄን አላጣም።'"

"'ባየሽንስ ምን ልበላት?' አላት።"

"'ደውዬለታለሁ በላት። እውነቱን ካወቀች በእግሯም ቢሆን ሄዳ ታመጣዋለች፣ ሁለቱንም አጣለሁ።'"

ባየሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"'ቢቀያየሙስ?' አላት።"

"'በሕይወት ካሉ ይታረቃሉ' አለች" አለ ፊራኦል።

"ከዚያ እሱ 'እሺ' አለ። እሺ ብቻ።"

ጋዲሳ አፉ እያለ ለምን አልተናገረም ብዬ ብዙ ጊዜ ተናድጄበታለሁ። ያን ቀን ግን አልተናደድኩም። ሁለቱንም አሳሳተና ያ "እሺ" ሲከብደው ሞተ፤ የእናቱን ቃል መስበር አልቻለም፣ ይዞት መቀበርም አልቻለም።

ቆይቶ ፊራኦል ተነሳ፣ ሳጥኑን ነቀለና ወደ እሷ ገፋው። ማዳመጫው አንቺ ጋ ነው፣ ይሄም ከእሱ ጋር ይሁን አላት። ባየሽ ሳጥኑን በመዳፏ ነካችው። ገና ትኩስ ነበር። ፊራኦል እጁን እንደሚያሞቅበት ለቅዳሜ ስለምናት ነግሬያት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሰማችኝ አልመሰለኝም ነበር።

"ጎጆ ብርድ ነው" አለችው። "ሁለቱንም አንተ ውሰዳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘህልኝ ትመጣለህ።"

እሺ አለ።

የግራውን ላስቲክ ልታገኝለት ትችላለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አልችልም አልኳቸው፣ ይህን እንኳ በእውነት ተናገርኩ። ማዳመጫውንና ሳጥኑን ባንድ ካርቶን ከትቼ፣ ዙሪያውን በላስቲክ ገመድ ጠፍሬ አሰርኩና ለፊራኦል አሻገርኩለት። አንድ ዕቃ ነው አልኳቸው። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።