የቅጽ ስልሳ አንድ ልጆች

የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍላችን ሃምሳ ዓመት ሞላው ተብሎ መጽሔት ታተመና አንዱን ላኩልኝ። «ክፍሉ በ1962 ዓ.ም. ከመዘጋት የተረፈው በአመራሩ ብስለት ነው» ይላል። ብስለት! አይ መጽሔት! እኔ እዚያው ነበርኩ። የተረፈው በእናቴ አፍ ነው።

ያኔ የነበረን አንድ ጠባብ ክፍል፣ እጀታዋ እየዞረ የምትደምር አንዲት የሂሳብ መኪና፣ አንድ መምህርና አራት ተማሪዎች ብቻ ነበር። መምህራችን ዶክተር ገሜዳ ይባላሉ። ከአራታችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ኮልፌ ጨርቅ ይሸጣል፤ «ሂሳብ ከፈለግሽ ሱቁ አለልሽ» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሞ በስንት ልመና ፈቀደ። «ይሄ ካልሆነ ግን ሁለተኛ ዕድል የለም» አለኝ። አባቴ የለም ካለ የለም ነው።

ዲኑ ደግሞ ክፍላችንን አይወዱትም። «አንድ ረብ ያለው ጥናት አሳዩኝ፤ አለበለዚያ በመስከረም ይዘጋል» አሉ። ሰፈሩን አውቀዋለሁ ብዬ ኮልፌን አስመረጥኩ፤ ከቀራንዮ እስከ አስኮ መንገድ ሁለት መቶ ቤት። መጠይቁንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሦስተኛው ጥያቄ «በቤቱ ውስጥ ስንት ልጆች አሉ?» ይላል። እንዴት እንደኮራሁበት!

ሦስት ሳምንት ጭቃ ስናቦካ ከረምን። ሲደመር በአንድ ቤት በአማካይ ሁለት ልጅ እንኳን አልሞላም። ዶክተር ገሜዳ መኪናዋ ተበላሽታ እንደሆነ ብለው እንደገና አዞሯት፤ ያው ነው። ኮልፌ እኮ ነው! እኔ ጠዋት ከቤት ስወጣ ልጅ እንዳልረግጥ እየዘለልኩ ነው የምሄደው። ዲኑ ውጤቱን አይተው ሳቁብን። «ልጅ መቁጠር ያቃተው ክፍል ምን ሊሠራልኝ ነው?» አሉ። ዶክተር ገሜዳ ለምነው አሥር ቀን አገኙ።

ስህተቱ የት እንዳለ ለማወቅ ቅጾቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። ቅጽ ስልሳ አንድ ላይ ስደርስ የኛ ቤት ነው። የራስን ቤት መጠየቅ ስለማይፈቀድ የሄደው የክፍል ጓደኛዬ ወልደ አማኑኤል ነበር። የቤቱ ባለቤት፦ አህመድ፣ ጨርቅ ነጋዴ። ልጆች፦ ሁለት።

ሰባት ነን!

በአውቶቡስ ስበር ሄድኩ። እናቴ ደጅ ልብስ እያሰጣች ነው።

«እማ! አምስታችን የት ገባን?»

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ለወልደ አማኑኤል ሁለት ልጅ ነው ያለኝ ብለሽዋል!»

«ታዲያ ወረቀት ይዞ ለመጣ ሁሉ ልጆቼን እንደ በግ ልቁጠርለት? ልጅ ይቆጠራል እንዴ? ዓይን እንዳይበላችሁ ብዬ ነው ያሳነስኳችሁ።»

«ከሁለቱ ውስጥ እኔ አለሁበት?»

«አንቺንማ መጀመሪያ ነው የደበቅኩሽ» አለችኝ። «ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ አለችኝ ብዬ ለሰው ዓይን ልስጥሽ?»

ቁጣዬ እንዳለ ከዳኝ። አፈርኩ። ልጅ ሆኜ እህት ወንድሞቼን በጣቴ ስቆጥር እጄን በጥፊ ያለችኝ ይህችው እናቴ ናት። ፊደል ሳልቆጥር የማውቀውን ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ረሳሁትና «ስንት» ብዬ ጻፍኩ። ወይ ድድብና!

«እሺ አትቁጠሪ» አልኳት። «ስማችንን ብቻ ንገሪኝ፤ ከታላቅ ጀምረሽ።»

«ስምማ ምን አለበት!» አለችና ቀጠለች። «ጀላል፣ ዙቤዳ፣ ፋሪዳ፣ ኑሪያ፣ ነስሩ፣ ሸምሱ፣ ሀያቱ፣ እሙ፣ አልፊያ።»

ጽፌ ስጨርስ ዘጠኝ ሆነ። ኑሪያና ሸምሱ የሚባሉ እህትና ወንድም እንደነበሩኝ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሁለቱም ድክ ድክ ሳይሉ ነው የሞቱት።

«ነግረሽኝ አታውቂም እኮ» አልኳት።

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ፤ ፊቷን ወደ ልብሱ መለሰች።

በማግስቱ ዶክተር ገሜዳ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ቅጽ አስቀመጥኩ። «ስንት» የሚል ቃል የለበትም። ስም፣ ከታላቅ እስከ ታናሽ፤ ከጎኑ «አለ» ወይም «የለም»። ቆጠራው የእኛ የቤት ሥራ ነው። ዶክተር አነበቡትና ኮታቸውን አንስተው «ተነሱ፣ እኔም እወጣለሁ» አሉን። አምስታችን እንደገና ጭቃ ውስጥ ገባን።

ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ የሚኖሩት እትዬ ዋጋነሽ በፊት «አንድ ልጅ አለኝ» ብለው ነበር። አሁን ስምንት ስም ጠሩልኝ፤ ሦስቱ የሉም። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ የነሱን ስም የጠየቀኝ ሰው የለም። ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻቸዋል?» አሉኝ። ጽፌአለሁ ብዬ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን እያንዳንዱን በጣታቸው ነኩት።

በአሥረኛው ቀን መኪናዋ ስትዞር አማካዩ ከአምስት አለፈ። ከጎኑ ደግሞ ማንም ያላዘዘን፣ ማንም ያልጠየቀው ሌላ ቁጥር ወጣ፦ ስንቶቹ ሕፃናት መሄድ ሳይጀምሩ እንደሚሞቱ። ዲኑ ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡት። በዚህኛው አልሳቁም። «ይህን ጤና ጥበቃ ማየት አለበት» አሉ፤ ቀጥለውም «በመስከረም ስንት አዲስ ተማሪ ትቀበላላችሁ?» ብለው ዶክተር ገሜዳን ጠየቁ። እኔ እዚያው ፊታቸው እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አባቴን ሁለተኛ መለመን አላስፈለገኝም፤ ትምህርቴን ጨረስኩ፣ እዚያው ክፍል ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ።

ያን ዕለት ግን በቀጥታ ወደ ቤት ነው የሮጥኩት። እናቴ ሁሉን ሰምታኝ ስታበቃ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«የኛን ቤትስ ስንት ብለሽ ጻፍሽ?»

ቁጥሩ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት።

«ሁላችንንም» አልኳት።