ጠዋት ጠዋት ሁለት ፍሬ

ሑስና የታጠፉ አንሶላዎች ታቅፋ ሦስተኛው ፎቅ ስትደርስ ልቧ እንደገና መጋለብ ጀመረ። አንሶላዎቹን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን ተደገፈች። ከስድስት ዓመት በፊት እንቅርቷ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ በቀረው ጠባሳ ጎን ሁለት ጣቶቿን አኑራ፣ የስልኳን ሰዓት እያየች ትርታዋን ቆጠረች። መቶ ሃያ ስምንት። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመችው። መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ።

ሁለት ወር ሊሞላት ነው እንዲህ ከሆነች። አዳማ ውስጥ በዚህ ሆቴል የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ ሆና ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ደረጃ አድክሟት አያውቅም ነበር። አሁን ግን እጇ ይንቀጠቀጣል፣ በትንሽ ነገር ያልባታል፣ እንቅልፍም ከዓይኗ ጠፍቷል። ጎኗን ባሳረፈች ቁጥር የልቧን ምት ከትራሱ ውስጥ ትሰማለች። ቀጥ ቢልስ ብላ ስታስብ ደግሞ ይብስባታል። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ፎጣ ብላ አንዷን ሠራተኛ አስለቅሳታለች፤ እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበረችም። የሄደችበት ክሊኒክ ጭንቀት ነው፣ ሐሳብ ቀንሺ ብሎ መልሷታል። ሐሳብ እንዴት እንደሚቀነስ ግን የነገራት የለም።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ጫምሳ ከላይ ሲወርድ ግድግዳ ተደግፋ አገኛት። እንደ ልማዱ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያቀላቀለ ምን እንደሆነች ጠየቃት። ደህና ነኝ ብትለውም ፊቷን አይቶ አላመናትም። በማግሥቱ ሆቴሉ ትልቅ ስብሰባ ይቀበላል፣ ክፍሎቹ በሙሉ ተይዘዋል። ነገ ሳትቀሪ ዛሬ ታከሚ ብሎ ባጃጅ አስጠራላት።

በዚህኛው ክሊኒክ ያየቻት ሐኪም ዶክተር ቦንቱ የምትባል ወጣት ናት። የልብ ምርመራውን ወረቀት ደጋግማ ካየች በኋላ፣ ምቱ ቢፈጥንም ሥርዓቱን እንዳልሳተ ነገረቻት። ከዚያ የምትወስደው መድኃኒት ካለ ጠየቀቻት።

ሑስና ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ በየቀኑ የምትወስደው የታይሮይድ ኪኒን አለ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ባለ ሃምሳ ማይክሮግራም ሁለት ፍሬ። የሚገዛውም፣ ከብርጭቆ ውኃ ጋር አልጋዋ ድረስ የሚያመጣላትም ባሏ ራህመቶ ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ወገቤን አመመኝ ብሎ መኪናውን ካስረከበ ወዲህ ይህን ሥራዬ ብሎ ይዞታል፤ አንድ ቀን እንኳ ረስቶ አያውቅም።

«ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማወቅ እችላለሁ?» አለች ዶክተሯ።

ሑስና ደወለች። ራህመቶ ያው የድሮው ነው አላት። የድሮው ሳጥን ስላልተገኘ ከሁለት ወር በፊት ከሌላ መድኃኒት ቤት እንደገዛው፣ መድኃኒቱ ግን አንድ ዓይነት መሆኑን ሻጩ እንደነገረው ጨመረ።

«ቁጥሩን አንብብልኝ እስቲ።»

ሳጥኑ እጁ ላይ ሲገለባበጥ ይሰማታል።

«መነጽሬን የት እንዳደረግኩት እንጃ» አለ በመጨረሻ።

ራህመቶ መነጽር ኖሮት አያውቅም። በቃ ይዘኸው ና አለችው።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ሳጥኑን በሁለት እጁ ለዶክተሯ አቀበለ። ዶክተር ቦንቱ አንዴ አየችውና ወደ ሑስና ዞረች።

«የድሮው እያንዳንዱ ፍሬ ሃምሳ ነበር፤ ይሄኛው መቶ ነው። ሳጥኑም ላይ በእስክሪብቶ ‹ጠዋት አንድ› ተብሎ ተጽፏል። እጥፍ ነው የወሰዱት።»

ዶክተሯ ቀስ እያለች አስረዳቻቸው። ይህ መድኃኒት ሲበዛ ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰውን ያስጨንቃል። የደም ምርመራው ይህን ያረጋግጣል፤ እስከዚያ ግን ለጥቂት ቀናት አቁማ፣ ተመልሳ ስትመጣ ስንት እንደምትወስድ ይነገራታል። ደረቷን ካመማት ወይም ራሷን ካዞራት ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመጣ አስጠነቀቀቻት።

«ጭንቀቱ ከራሴ መስሎኝ ነበር» አለች ሑስና።

«ልብዎ ሲሮጥ ይፈራሉ፤ ሲፈሩ ደግሞ ይበልጥ ይሮጣል። ሁለቱም እውነት ነው። በአንድ ቀን አይለቅዎትም፣ ግን ይለቅዎታል።» ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ሁለት ሁለት ውሰጂ ያለዎት ማን ነው?»

ራህመቶ አፉን ከፈተ። ሑስና ቀደመችው።

«እኔው ነኝ። እንደለመድኩት ነው የወሰድኩት።»

ደም ሰጥታ ሲወጡ በረንዳው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። ራህመቶ ተቀመጠ። ጎኑ ስትቀመጥ ዞሮ አላያትም።

«ልገድልሽ ነበር» አለ።

«አልገደልከኝም።»

«አይታየኝም ሑስና። ፊደሉ ሁሉ ጭስ ነው። መኪናውን የተውኩት ወገቤን አሞኝ አይደለም። ሞጆ ላይ አንድ ሰው ልገጭ ስል ለጥቂት ተርፎ ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የስልክ መልእክት ሲመጣለት አንብቢልኝ፣ እጄ ተይዟል ሲላት ነበር። ሑስና ልትቆጣው ፈለገች። ሁለት ወር እንቅልፍ አጥታ፣ ብሞት ልጆቼን ማን ይሰበስባቸዋል እያለች ስትብሰለሰል እሱ አጠገቧ ተኝቶ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የትልልቅ እጆቹን መንቀጥቀጥ አየች፤ የእሷን ይመስሉ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከነገርኩሽ ምን ሥራ ይቀርልኛል?»

ልቧ አሁንም ይሮጣል። ዛሬም እንቅልፍ እንደማይወስዳት ታውቃለች። ስልኳን አውጥታ አቶ ጫምሳ ጋ ደወለችና ነገ እንደማትገባ ነገረችው።

ስብሰባው እንዳለ አስታወሳት። ስብሰባውን አልረሳችውም። ሐኪሙ ዕረፍት አዞልሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ ብትለው በቀላሉ ያልቅ ነበር።

«እኔስ ደህና እሆናለሁ» አለችው። «ባለቤቴን ዓይን ሐኪም ዘንድ ልወስደው ነው።»