በሩን የያዝኩ ቀን

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከሩጫ ጋር ተጣልቼ ነው የገባሁት። ከዶርም እስከ ካፌ ባጃጅ ቢኖር ኖሮ እሳፈር ነበር። ስለዚህ የስፖርት ሳይንስ ተማሪው የኋላሸት ለመመረቂያ ጥናቱ፣ «ስፖርት እንድትሠሪ ምን ያነሳሳሻል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ምንም» አልኩት።

«ጤናሽስ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሳቀብኝ። መሳቁስ ባልከፋ፤ ግን ይኸው ልጅ እህቴን ፍቅርአዲስን የሚያገባት የጉንደ ወይኑ ሙሽራ ሚዜ ነው። በእኛ አገር ሰርገኛ ሲመጣ የሙሽሪት እህቶችና ጓደኞች እየዘፈኑ በር ይይዛሉ። ሚዜዎች ሽቶ ካልረጩና በጭፈራ ካላደከሙን አይገቡም።

«ከፋሲካ በኋላ ደምበጫ፣ እናንተ ቤት እንመጣለን። በሩን አንቺ ከያዝሽው አንድ ዘፈን ይበቃናል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው። አምና በአጎቴ ልጅ ሰርግ ገና ከመጀመሬ ቁና ቁና ስተነፍስ አይቶኛል። ፍቅርአዲስም ስልክ በደወለች ቁጥር፣ «ሶልዬ፣ አደራ፣ የእነሱ መሳቂያ እንዳታደርጊኝ» ትለኛለች።

ጭፈራ ልለማመድ ስል ሁዳዴ ገባ። በጾም ማን እስክስታ ይመታል? እማዬ ብትሰማ የንስሐ አባታችንን ትጠራብኛለች። የዶርም ጓደኛዬ ሳጂዳ፣ የቁይ ከተማ ነጋዴ ልጅ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ስትስቅብኝ ቆየችና፣ «ጭፈራ ነው እንጂ ሩጫ ማን ከለከለሽ? ተነሽ!» አለችኝ።

የመጀመሪያው ጠዋት የግቢውን ሜዳ አንዴ እንኳ ሳልዞር ሣሩ ላይ ተዘረጋሁ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደረሰ። ሳጂዳ ግን፣ «ወላሂ ጉንደ ወይኖች መጡልሽ!» ትላለች። ይህችን ስሰማ ብድግ እላለሁ። እንዲህ እያልን ከረምን፤ ጾሙ ሲጋመስ እኔው ቀድሜ ነቅቼ እሷን መቀስቀስ ጀመርኩ። ጠዋት መሮጥ ደስ ይላል፤ ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፣ ይኸው ተናገርኩ።

በሰርጉ ቀን እኔና ሳጂዳ በሩን ያዝነው። የኋላሸት ትከሻውን እያንዘፈዘፈ ፊት ለፊቴ ቆመ። አንዱ ዘፈን አለቀ፣ ሌላው ተተካ፤ ከበሮ መቺዋ ደክሟት ለጎረቤቷ አስረከበች። ሽቶውም አለቀ። ከኋላዬ ፍቅርአዲስ በቬሎዋ ሆና፣ «እሰይ የእኔ እህት!» ትላለች። ያን ጊዜ ደስታዬ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ነበር።

በመጨረሻ የኋላሸት ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለ። «በቃ፣ ተሸነፍኩ። ሙሽራውን ፀሐይ ፈጀው፣ አስገቢን!»

«ጤናህስ?» አልኩት።

ሰርገኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀና እያለከለከ፣ «ለጥናቴ ብቻ ንገሪኝ፤ ምን አነሳሳሽ?» አለኝ።

«አንተ ነሃ!» አልኩትና በሩን ለቀቅኩ። ፊቴ የጋለው ካልኩት በኋላ ነው።

ሙሽራው ገባ፣ ሚዜዎቹ ገቡ። የኋላሸት ግን እዚያው በሩ ላይ ቀረ።

«ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ አገኝሻለሁ?»

«ከደረስክብኝ» አልኩት።