የቀረችው ቅጂ

ፍሎፒ ዲስክ እሳት አይወድም፣ ውሃ አይወድም፣ ከሁሉም በላይ አቧራ አይወድም። የጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ ደግሞ በጥር ወር ከአቧራ ሌላ የምትሰጠው ነገር የላትም። ኮምፒውተሩን እዚያ ያስቀመጡልን ሰዎች ይህን ያሰቡበት አይመስለኝም።

ጊዜው ሰባ ስምንት ነው፣ የድርቁ ማግስት። እኔ ሐረገ ወይን በአንድ የእርዳታ ድርጅት መጠለያ ውስጥ የመዝገብ ሠራተኛ ነበርኩ። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥተው ከወላጆቻቸው ጋር የተጠፋፉ ልጆችን ስም፣ ቀበሌና ለሰፈራ የተወሰዱበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ እጽፋለሁ። ቅጾቹ የነበሩበትን መጋዘን የክረምቱ ጎርፍ ስለወሰደው፣ እነዚያ ልጆች የት እንደደረሱ የሚያውቅ ሌላ ነገር አልነበረም።

በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ያለው ትልቁ ዲስክ አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። ስለዚህ በየሳምንቱ ያለውን ሁሉ ፍሎፒ ወደሚባሉት ስስ ማስቀመጫዎች እገለብጣለሁ፤ በየቀኑ ደግሞ አዲስ የገባውን ብቻ እጨምራለሁ። ይህንንም በሁለት ቅጂ ነው የማደርገው። አንዱ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሌላውን በጨርቅ ጠቅልዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ጽናጽሉ ካለበት ሣጥን አኖረዋለሁ፤ ቢሮው ቢቃጠል አብሮ እንዳይቃጠል። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ አንዳርጌ "የሥራ ምስጢር ለቄስ ትሰጫለሽ?" እያለ ይነዘንዘኝ ነበር። እኔም ቄሱ ፍሎፒ የሚያነቡበት መሣሪያ የላቸውም እለዋለሁ።

ትልቁ ዲስክ የሞተው መጠለያው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በማግስቱ የቀረው ሰው ሁሉ ይጫናል፤ ግማሾቹ መኪኖች ወደ መተከል፣ ግማሾቹ ወደ ወለጋ። ደጃፌ ላይ እትዬ ደጊቱ የሚባሉ የስማዳ ገበሬ ተቀምጠዋል። የስምንት ዓመት ልጃቸው ማሬ ስለታመመች ለብቻዋ ከተኛችበት ድንኳን፣ ለእናቷ ሳይነገር ተጭና ሄዳለች። ወዴት እንደሆነ ካወቁ ወደዚያው በሚሄደው መኪና ሊሄዱ ነው የመጡት። ካላወቁ አገሩ ሰፊ ነው፣ መንገዱም ሩቅ።

ትርፍ ዲስክ ስለነበረን ገጠምኩ። የቀረው ቅጂውን ወደ እሱ መመለስ ብቻ ነበር። የጄኔሬተሩን ሰው ልጠራ ብወጣ፣ ጓድ አንዳርጌ አላስችል ብሎት ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ራሱ ጀመረ። የመጀመሪያው ፍሎፒ ሲፋጭ "ይሄ ተበላሽቷል" ብሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን። ስመለስ የመጨረሻውን እያወጣ ነበር። ነጥቄው ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት፤ ዙሪያውን ተጭሯል። የተበላሸው ፍሎፒው ሳይሆን ፍሎፒው የሚገባበት ማንበቢያ ነው። አቧራ የያዘ ማንበቢያ የገባለትን ሁሉ ይፍቃል፤ የሚያጸዳውም የሚቀይረውም እዚያ አልነበረንም።

"ሌላውን ቅጂ አምጪ" አለኝ ላቡን እየጠረገ።

"አላመጣም። አዲስ አበባ ተወስዶ በደህና መሣሪያ መጀመሪያ ሌላ ቅጂ ይወጣለታል፤ የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው።"

"እስከዚያ ሳምንት ይሄዳል። መኪኖቹ ነገ ናቸው!"

"አውቃለሁ!" ብዬ ጮኽኩበት።

እትዬ ደጊቱ ተነሥተው ገቡ። "እታለም፣ አንዴ ብቻ ሞክሪልኝ። የልጄን ስም አይተሽ ወዲያው ታወጪዋለሽ።"

"ከነካው ያጠፋዋል፣ እትዬ ደጊቱ። ሌላ የለንም። የዘር እህል ነው ይበሉት። ዘር ይበላል?"

በሚያውቁት ላስረዳቸው ብዬ ነበር። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

"አልበላሁትማ" አሉኝ። "በዚያ ክፉ ዓመት አንድ ቁና ገብስ ለዘር አስቀምጬ ነበር። ትንሹ ልጄ ቢለምነኝ፣ ዝናብ ሲመጣ ምን እንዘራለን ብዬ ከለከልኩት። ሞተብኝ። ዝናቡም ሳይመጣ ወደዚህ ነዱን። ዘር ጠብቄ ልጅ ቀበርኩ፣ እታለም።"

ጓድ አንዳርጌ እንኳ አንገቱን ደፋ። እኔ ነጠላዬን አንሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። አልዋሽም፣ ሄጄ ላመጣው ነበር።

"ቆይ" አሉኝ ከኋላዬ። "ስንት ልጅ አለበት?"

"ከሺህ ይበልጣሉ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ መቀነታቸውን አጠበቁ።

"እንግዲያው ተዪው። የሺህ እናት እንባ አልችልም። እኔ ወለጋ እሄዳለሁ። ልጄ አንድ ቀን ብትጠይቅ፣ እናትሽ ወለጋ ናት ብለሽ ከስሟ ሥር ጻፊልኝ።"

"ለምን ወለጋን መረጡ?"

"አንዱን መያዝ አለብኛ።"

በማግስቱ ጠዋት ሲጫኑ አየኋቸው። እጃቸውን አላነሡልኝም፤ አልፈርድባቸውም።

ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ላይ፣ ከቀረችው ቅጂ ሌላ ቅጂ አወጣሁ። አዲሱን አነበብኩ። አንድም ስም አልጎደለም። ልክ ነበርኩ፤ ያ ቀን ዛሬም ቢመጣ ወደዚያ ማንበቢያ አላስገባትም። ግን የማሬን ስም የፈለግኩት ወለጋ በሆነ፣ ወለጋ በሆነ እያልኩ ነው።

መተከል ይላል።

እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ከዚያ ከስሟ ሥር የተባልኩትን ጻፍኩ፦ እናት ደጊቱ፣ ወለጋ። ለሁለቱም ቦታ ደብዳቤ ላክን፤ መልስ አልመጣም። እንደ ደንቤም ሁለት ቅጂ አወጣሁ። በሁለቱም ላይ እናትና ልጅ እንደተለያዩ ናቸው።