የተሻገርኳት አሮጊት

ቪየና የገባሁት ከንፈሬ ተተርትሮ፣ ቀኝ እጄ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ ነው። ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ፎቶዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ደግሞ ፎቶዬን አየ። "ለሽርሽር?" አለኝ። "ለሽርሽር" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ብቻዬን አውሮፓን ለማየት ስመኝ ኖሬ፣ ስወጣ የአንዲት አሮጊት እጅ ሰብሬ ወጣሁ ልበለው?

ስሜ ጃርክን ነው። ናሪን ከተማ ውስጥ ሴት ልጆችን ትግል አሰለጥናለሁ። ሰላሳ ዓመት አልፎኛል፣ አላገባሁም፤ እኛ ጋ እንዲህ ያለችው ሴት ቆማ ቀር ናት፣ መንደሩ ሁሉ ባል ሊፈልግላት ይተጋል። አውሮፓ ልሄድ ነው ስል ጎረቤታችን ቡና እንደደፋሁባት ሁሉ አፈጠጠችብኝ።

"ማን ይዞሽ?"

"እግሬ።"

"ብቻሽን ሄደሽ ምን ልትሠሪ?"

"ዓለምን ላይ!"

"ባል ያላየች ዓይን ምን ታያለች?" ብላ ሳቀች። እናቴም አብራ ሳቀች። እሷው ናት የደረቀ እርጎ እንክብሉን ኪሴ ውስጥ የጨመረችልኝ፤ ወደ ዋና ከተማችን ቢሽኬክ የሚያደርሰኝን ታክሲም የምታውቀውን ልጅ ሳማትን ለምና ያገኘችልኝ እሷው ናት።

መንገድ ላይ ያለችው ኮችኮር ከተማ ልንደርስ ስንል ሳማት ከአስፋልቱ ወጣ። "የት ነው?" ስለው "ቤንዚን" አለኝ። ከድርቆሽ ክምር ጀርባ ቆመ። ሦስት ወንዶች ዘለው ገቡ። አንዱ ሹምካር ነበር፣ ፈረስ ነጋዴው፣ ሽማግሌ ቢልክ ቢልክ እምቢ ያልኩት።

"አትንፈራገጪ ጃርክን፣ አልቋል" አለኝ እየሳቀ።

"ያለቀው የአንተ አፍንጫ ነው!" አልኩና በግንባሬ አገኘሁት። ደሙ ደረቴ ላይ ተረጨ። ጓደኞቹ ተረባረቡብኝ። አፌን የያዘኝን እጅ ነከስኩ፤ ቆዳው እስኪላቀቅ አልለቀቅኩም። በጥፊ ሲያጮለኝ ከንፈሬ ተተረተረ። ሳማት ዞር ብሎ እንኳ አላየም፣ ሙዚቃውን ከፍ አደረገ።

ኬላው ላይ ፖሊስ አስቆመን። ተመስገን አልኩ። "ጠልፈውኝ ነው! አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው! አስጥለኝ!" ብዬ ጮህኩ። ፖሊሱ በመስኮቱ ጎንበስ አለ፣ የሹምካርን አፍንጫ አይቶ ሳቀ። "ወኔ ያላት ሙሽራ ናት። እንኳን ደስ ያለህ!" እኛ ጋ ሙሽራ መጮህ አለባት። ከፍቅረኛዋ ጋር ተቀጣጥራ የምትጠለፈዋ እንኳ ሳትጮህ ከገባች ዓይን አውጣ ትባላለች። ስለዚህ የምሯም የቀልዷም አንድ ዓይነት ትጮሃለች፣ ማንም አይሰማም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። የኛ ኬላ ጭራሽ ጅቡን መልካም ጋብቻ ይለዋል!

እነሹምካር ቤት ድግሱ ተሰናድቶ ጠበቀን። ቦርሶክ የምንለው የሊጥ ጥብስ ተከምሯል፣ በግ ታርዷል። ሴቶቹ ነጭ ሻሽ ይዘው ከበቡኝ። ያ ሻሽ አንዴ ራስሽ ላይ ከታሰረ ሚስት ሆንሽ ማለት ነው። አሰሩልኝ፣ አወለቅኩት። አሰሩልኝ፣ ወረወርኩት። አንዷ ወፍራም አክስት ጀርባዬ ላይ ተንጠለጠለች።

"እኔም አልቅሼ ነበር! ይኸው ወልጄ ከበድኩ! ድንጋይ በወደቀበት ነው የሚከብደው፣ ተቀመጪ!"

"ድንጋይስ አንቺ ነሽ!" ብዬ በትከሻዬ አዙሬ ቦርሶኩ ላይ ጣልኳት። ሳህኑ ተሰባበረ፣ መዳፌ ተቆረጠ። ሻሹን ከወለሉ አንስቼ የሚደማው እጄ ላይ ጠምጥሜ ወደ በሩ ሮጥኩ።

በሩ ክፍት ነበር። ግን የሹምካር አያት እማማ ሳልኪን ቀደሙኝ። ማንንም ሳያናግሩ በምርኩዛቸው ተደግፈው ሄዱና ደፉ ላይ፣ ከመቃን እስከ መቃን፣ ጋደም አሉ። ሴቶቹ ለቀቁኝ፤ መያዝ አያስፈልግማ። ትልቅ ሰው ተሻግሮ የወጣ በረከት የለውም፤ ይህን ጡት ስንጠባ ነው የተማርነው። እኔ በዕድሜዬ የተዘረጋ እግር እንኳ ተሻግሬ አላውቅም።

"ተሻገሪኝ" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ተሻገሪኝና ሂጂ። ማህፀንሽ ይድረቅ። በሄድሽበት ደፍ ሁሉ እሾህ ይሁንብሽ።"

ፓስፖርቴ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነበር፣ በላቤ ሲርስ ይታወቀኛል። "እማማ፣ ይነሱልኝ፣ በፈጠረዎት" አልኳቸው። ማንንም የማልለምን ሴት ተንበርክኬ ለመንኩ። አልተነሱም።

ተሻገርኳቸው።

ቁርጭምጭሚቴን ያዙኝ። እነዚያ ቀጫጭን ጣቶች ምን ያህል ይጠነክራሉ! እግሬን መነጨቅኩት፣ የእጃቸው አንጓ ቋ አለ። ሰማሁት። አሁንም እሰማዋለሁ።

ሹምካር አለንጋውን ይዞ ግቢው ውስጥ ደረሰብኝ። ጀርባዬን አቃጠለው። ደግሞ ሲሰነዝር አለንጋውን ይዤ ሳብኩት፣ ወገቡ ስር ገባሁ፣ ለተማሪዎቼ እንደማሳያቸው አድርጌ ከመሬት ደባለቅኩት። እዚያ ላይ መተው እችል ነበር። ደሜ ፈልቷል፣ አልተውኩትም፤ ክንዱን ጠምዝዤ ሰበርኩት። ጮኸ። እሱ ሲጮህ ማንም ሙሽራ ነው አላለውም።

ሽንኩርት የጫነ መኪና አንስቶ አውሮፕላን ማረፊያ ጣለኝ። ሻንጣዬ ሳማት ጋ ቀርቷል። የቀረኝ ፓስፖርቴ፣ የባንክ ካርዴ፣ ኪሴ ውስጥ ያለው የእናቴ እርጎ፣ እጄ ላይ የተጠመጠመው የእነሱ ሻሽ ነው።

ቪየና ቆንጆ ናት ይላሉ። እኔ ያየሁት በር ነው። በር የሚከፍትልኝ ወንድ ሁሉ መልሶ ሊዘጋብኝ ይመስለኛል። ትራም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወንበር ሊለቅልኝ ትከሻዬን ቢነካኝ ቡጢ ጨብጬ ዞርኩ፤ ምስኪን፣ ኮፍያው ወደቀ። መናፈሻ ውስጥ ተቀምጬ እርጎዬን እየቆረጠምኩ ዳክዬ አያለሁ። ዳክዬ እኛም ወንዝ ላይ አለ፣ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተመኘሁት? ግን እዚህ ማንም "የማን ልጅ ነሽ? ባልሽስ?" አላለኝም። ደስ ሊለኝ ሲል የአሮጊቷ አንጓ ጆሮዬ ውስጥ ቋ ይላል፣ እርጎው ይመረኛል።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ፣ ከመነሳቴ በፊት በሰጠኋት የማደሪያዬ ስልክ ቁጥር ደወለች።

"ወይኔ ልጄ! ትልቅ ሰው ተሻገርሽ?"

"እማማ ሳልኪን ደህና ናቸው?"

"እጃቸው በጀሶ ታስሯል። ነይና እግራቸው ላይ ውደቂ፣ እርግማኑን ያነሱልሻል። ሹምካርም አሁንም ይፈልግሻል።"

"ክንዱን ሰብሬው?"

"ወንድ ልጅ ነው፣ ይጠገናል!"

"እማዬ፣ በሳማት መኪና እንደምሄድ ማን ነገራቸው?"

ድስቷ ሲንተከተክ ይሰማኛል።

"ቆመሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው" አለች። "እኔስ አባትሽ ቤት በሠርግ የገባሁ መሰለሽ? አያቱ ደፉ ላይ ተኙብኝ። እኔ ግን ጨዋ ነበርኩ፣ አልተሻገርኩም። ባለመሻገሬ ነው አንቺ የተወለድሽው!"

"መሻገር ፈልገሽ ነበር?"

"ተይኝ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ አለቀሰች፣ ስልኩን ዘጋችው።

ደረጃውን ወረድኩ። የማደሪያው በር ደፍ ላይ፣ ከመቃን እስከ መቃን፣ አንዲት አሮጊት ተኝታለች። ካፖርት በካፖርት ላይ ደርባለች፣ ጎዳና አዳሪ ናት። እንግዶቹ ሻንጣቸውን እያነሱ በላይዋ ይወጣሉ። የአንዱ ጫማ ጭንቅላቷን መታት፣ ዞሮም አላየ። ኮሌታውን ይዤ ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። "ሰው እኮ ናት፣ አንተ ውሻ!" አልኩት በቋንቋዬ። ፊቴን አይቶ ገባው፤ ስለቀው እግሬ አውጪኝ አለ።

እኔ ግን መውጣት አቃተኝ። አንዴ ተሻግሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም። ሻሹን ከእጄ ፈትቼ ንጹሑን ጎኑን አጠፍኩና ከጭንቅላቷ ስር አደረግኩላት። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከበሩ ወዲያ ትራሙ ይሄዳል፣ ፀሐይ ወጥቷል። ይኸውልሽ ጃርክን፣ አልኩ፣ ይህን ሁሉ ሰብረሽ መጥተሽ ተመልሰሽ ደፍ ስር።

አሮጊቷ ነቃች። ከጭንቅላቷ ስር ያለውን ሻሽ ዳሰሰች፣ እኔን አየች፣ በሩን አየች። በቋንቋዋ የሆነ ነገር አጉረመረመች። እርግማን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እሷ ግን እያቃሰተች እግሮቿን ሰበሰበች። መቃኑን ተደግፋ ተቀመጠችና በእጇ ወደ ውጭ ጠቆመችኝ፣ እለፊ እንደማለት።

እናቴ እንኳ ያላደረገችልኝን አደረገችልኝ። ወጣሁ። መንገዱ መሀል ቆሜ የተጠለፍኩ ቀን ያልወጣልኝን ለቅሶ አለቀስኩት፣ ጮክ ብዬ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰማኝ።